የአስፓራገሱ መደብ

ባሏ የሄደው በደህና ቀን ነው። ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ፣ የተወረወረ ሳህን የለ። ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ትልቅ መኪና የሚነዳ ሰው ነበርና መሄዱ ብርቅ አልነበረም፤ ብርቅ የሆነው ከሄደበት ከተማ ደውሎ «ከእንግዲህ አትጠብቂኝ፤ እዚህ ሌላ ሰው አለች» ማለቱ ነው። እሷ ስልኩን ዘግታ ድስቱን ከምድጃው አወረደች፤ አማቷን ጠርታ ምሳ አቀረበች፤ በልተው ሲጨርሱ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀመጡና ባዶውን ሳህን ከፊታቸው ገፉት።

«ለእኔ አልደወለም» አሉ።

«ይደውልልዎታል፣ አባባ።»

«አይደውልም። ልጅም ሆኖ ኳሱ መስኮት ሲሰብር ለእናቱ ነበር የሚናገረው። የምገጥመው እኔ፣ የሚናገረው ለእሷ።»

የሽማግሌው ሙያ መስታወት መግጠም ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ያርፋል፤ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ያላየውን ጭረት እሳቸው ከበሩ ያዩታል። «ስንጥቅ አለው» ይላሉ። ሰፈሩም «አቶ ስንጥቅ» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙን ያውቁታል፤ አልተቀየሙም። የሌለውን ስንጥቅ አለ ብለው ስለማያውቁ ስሙን እንደ ማዕረግ ነበር የሚቆጥሩት።

ቤቱ የእሳቸው ነው። ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ከኋላ ደግሞ በሽቦ አጥር የተከበበች ቁራጭ ጓሮ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። እሷ በምራትነት ገብታ እዚያው ኖረች፤ ልጅ አልወለደችም። አሁን ባልየው ሲወጣ፣ ባል የሌላት ምራትና ልጁ የሌለ አማት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተፋጠው ቀሩ። ምራት የሚያሰኘው ባል ነው፤ እሱ ሲነሣ ቃሉም አብሮ መነሣት ነበረበት። ግን ውጪ ያላት የለም፣ ኑሪ ያላትም የለም።

ስለዚህ ሁለቱም ጨዋ መሆን ጀመሩ። ድሮ «አንቺ ልጅ፣ ጨው የት አባቱ ገባ?» ይሉ የነበሩት ሰውዬ «ከተመቸሽ ጨዉን ብታቀብዪኝ» ማለት አመጡ። እሷም መታጠቢያ ቤት ከመግባቷ በፊት ማንኳኳት፣ የሻይ ብርጭቋዋን ሳይደርቅ አጥባ መደርደር ሆነ ሥራዋ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት እንግዳ፣ ባለቤት ግን የለም።

ቀን ቀን ሥራዋ ላይ ትውላለች። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምትሠራው። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን የአፍ ልክ ይልኩላታል፤ ጀሶ አፍስሳ ታወጣዋለች፤ በሰም ድዱን ትቀርፃለች፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ታቆማለች። ሰውን ሳታየው አፉን ታውቀዋለች። ጓደኞቿ ባሏን ሲረግሙላት እሷ ሰም እያሞቀች ትሰማለች፤ «ተይው፣ ይለፈው» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ያልከፋት መስሏቸው ነበር። ከፍቷታል፤ ግን ሐዘኗ እንደ ዘገየ አውቶቡስ ነው፣ ሰው ሁሉ ከፌርማታው ከተበተነ በኋላ ነው የሚደርሰው።

የፍቺው ወረቀት አንድ ረፋድ ላይ አለቀ። በዚያው ሳምንት እራት ላይ «አባባ፣ የሚከራይ ክፍል እየፈለግኩ ነው» አለቻቸው።

«ደግ» አሉ።

ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ጓሮው ተቆፍሮ አገኘችው። ሽማግሌው ጉልበት የሚደርስ ባይሆንም ክንድ የሚያስጠልቅ ረጅም ቦይ አውጥተው፣ አካፋ ተደግፈው ያለከልካሉ።

«ውኃው ፈነዳ እንዴ?»

«የለም። አስፓራገስ ልተክል ነው።»

አጥሩ ሥር እርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስትገልጠው አመዳም ሥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ መሐሉ ላይ እንደ ቡጢ ያለ እብጠት አለው፣ ከዚያ በየአቅጣጫው የተንዠረገጉ ረጃጅም እግሮች። ሸረሪት ይመስላል።

«ይኼ ይበላል?»

«ሥሩ አይበላም። ከዚህ የሚወጣው ቡቃያ ነው። ዱሮ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት መስታወት ስገጥም ወጥ ሠሪው በቅቤ ጠብሶ አቀመሰኝ። ከዚያ ወዲህ ‹ዘንድሮ እተክላለሁ› እያልኩ ይኸው ሸመገልኩ። አሁን ነይና እርጂኝ። ጉልበቴ ከእኔ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል፤ ቦዩ ውስጥ ከገባሁ የምታወጣኝ አንቺ ነሽ።»

ቦርሳዋን አጥሩ ላይ ሰቀለች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ቦዩ ውስጥ ገባች። እሳቸው ከላይ ሆነው ችግኝ ሻጯ የነገረቻቸውን ይደግሙላታል፤ ብስባሹን ከታች አንጥፊ፣ በመሐሉ አፈሩን እንደ ፈረስ ጀርባ ከፍ አድርጊ፣ ሥሩን ጉብታው ላይ አስቀምጪና እግሮቹን ግራና ቀኝ አንፈራጪ። እጇ ለጥቃቅን ነገር የለመደ ነውና ሥሮቹን እያበጠረች ደረደረቻቸው። አንዱን ከአንዱ በክንድ አራራቀች። አፈር መልሳ ስትደፋ «ቀስ!» አሉ፤ «ዛሬ አፉን ብቻ እንሸፍንለታለን። ቡቃያው ከፍ ባለ ቁጥር ነው የሚሞላው። በአንዴ ከተጫነው ታፍኖ ይቀራል።»

«መቼ ይደርሳል?»

ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ዘንድሮ አይነካም። የሚመጣውም ዓመት አይነካም፤ ሥሩ ይጠንክር ተብሎ ይተዋል። በሦስተኛው ነው የሚበላው።»

ቀና ብላ አየቻቸው። «አባባ፣ እኔ እኮ እዚህ አልኖርም።»

«እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። አሁን ሥሩ ፀሐይ እየመታው ነው።»

ቀበረችው።

ክፍል ፍለጋው ግን ቀጠለ። ሽማግሌው «ብቻሽን አትሂጂ፣ አከራይ ሴት ብቻዋን ሲያይ ዓይኑ ይከፈታል» ብለው አብረዋት መዞር ጀመሩ። የመጀመሪያው ክፍል ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነበር፤ እንፋሎቱ ወለሉን አልፎ ይመጣል። እሳቸው በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ። «ቀለም ቀብተው አፍነውታል፤ አይከፈትም። እዚህ የሚኖር ሰው በጋ ላይ ይቀቀላል።» ሁለተኛው ንጹሕ ነበር፤ መስኮቱ ግን መስታወቱን የያዘው ማጣበቂያ ደርቆ ይረግፋል፤ በጣታቸው ሲነኩት ተንቀጫቀጨ። «ስንጥቅ አለው፤ ከታች በግራ በኩል። ነፋስ ሲነሣ ጥርስሽን ያንቀጫቅጭሻል፣ ያኔ ጥርስ ለራስሽ መሥራትሽ ነው።» አከራዩ ተቆጣ። እሷ ሳቋን ውጣ ወጣች፤ ከስልኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኛት ሳቅ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ላይኛው ፎቅ ነው። ብርሃኑ ደስ ይላል፤ ወለሉ እንጨት ነው፤ ከሥራ ቦታዋ በእግር ይደረሳል። ሽማግሌው መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ። መስታወቱን በጥፍራቸው ቆርቆር አደረጉ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ጥጉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት። ጀርባቸውን ብቻ ነበር የምታየው። መዋሸት ቢፈልጉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

«ይኼ ደህና ነው» አሉ ሳይዞሩ። «የገጠመውን ሰው እጁን ይባርከው። ምንም አይወጣለትም።»

መምህርቷ ደስ አላት። «እንግዲህ መቼ ትገቢያለሽ?»

«ኩሽናው ጠበበኝ» አለች እሷ።

«ኩሽናውን እኮ ገና አላየሽውም!»

አመስግና ወረደች፤ ሽማግሌው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ተከተሏት። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ክፍል ያነሣ የለም። በማግስቱ ቁርስ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ስኳሩን የት ደበቅሽው?» ሲሉ ሰማቻቸውና ጨዋነቱ ማብቃቱን አወቀች።

ያን ዓመት ከመደቡ የወጣው ቡቃያ የክብሪት እንጨት አያክልም ነበር። አንዱን ልትቀምስ ብትል «እጅሽን!» ብለው ጮኹባት። ቡቃያው ሳይቆረጥ ሲቀር ወደ ላይ ተመዝዞ እንደ ጭስ የሳሳ ቅጠል አወጣ፤ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። ብርዱ ሲመጣ ቢጫ ሆነ፤ አጭዳ አነሣችው። አረሙ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ከሥራ መልስ ትንበረከክና ትነቅላለች። ስለምን እንደምታስብ ብትጠየቅ ስለ አረም ነበር የምትለው፤ እውነቷን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ብርዱ ሲለቅ ቡቃያው እርሳስ አክሎ ብቅ አለ። ልጁ ለአባቱ የደወለውም በዚያው ሰሞን ነው። እሷ ያኔ ሥራ ላይ ነበረች፤ የተባለውን አልሰማችም፤ ሽማግሌውም አልነገሯትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታ ግን በጥቂት ቀን ነቀዘ። አንድ ቀን ማምሻውን ከሥራ ስትመለስ የጓሮው አጥር በአንድ ወገን ተነሥቷል፤ የከባድ መኪና ጎማ መሬቱን አርሶታል፤ መደቡ የነበረበት ቦታ ላይ ቁመቷን የሚያህል የአሸዋ ክምር ተቆልሏል።

ሽማግሌው የጓሮው ደረጃ ላይ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ማን ነው?» አለች።

«ልጄ ነው። ሚስቱ አርግዛለች። ጓሮው ላይ ሁለት ክፍል ሠርቼ ልግባ አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«እሺ አላልኩትም። እምቢም አላልኩት። እስቲ ይታያል ነው ያልኩት። እሱ ደግሞ ይኸው አሳየኝ።»

ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። «እንዲመጡ ይፈልጋሉ?»

ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አዞሩት። «የልጅ ልጄን ማየት እፈልጋለሁ። ምን ልዋሽሽ። አንቺም እንድትሄጂብኝ አልፈልግም። አንቺንም ልጄ ነው የምልሽ፣ እሱንም ልጄ ነው የምለው፤ ቃሉ አንድ ሆኖብኝ ተቸገርኩ።»

ወደ ውስጥ ገብታ የሥራ ልብሷን ቀየረችና አካፋውን ይዛ ወጣች። ስለ ቤቱ ገና አልወሰነችም፤ ስለ ሰውየውም አላሰበችም። ግን ለሁለት ዓመት እንዳትበላው የተከለከለችውን ነገር አሸዋ ሲበላው ቆማ ማየት አልሆነላትም። ክምሩን ከዳር ጀምራ ወደ አጥሩ ጥግ ትወረውር ጀመር። ሽማግሌውም ባልዲ አምጥተው ከጎኗ ቆሙ፤ ግማሽ ባልዲ እየያዙ ይመላለሳሉ። ፀሐይ እስክትገባ ሠሩ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች፤ ቀትር ላይ አፈሩ ጋ ደረሱ። አንዳንዱ ቡቃያ ተኝቶ ነጥቷል፤ ጎማው የሄደበት መስመር ላይ ያሉት ሥሮች ተጨፍልቀዋል። የቀሩትን በእጇ እየጠረገች ነፃ አወጣቻቸው።

ባሏ የነበረው ሰው የመጣው ይኼኔ ነው። ወፍሯል፤ ጢሙን አሳድጓል። ጓሮውን አየ፤ አሸዋውን አየ፤ እሷን አየ።

«አንቺ እስካሁን እዚህ ነሽ?»

«እዚህ ነኝ» አለች፤ አካፋውን ሳትለቅ።

ወደ አባቱ ዞረ። «አባዬ፣ ለዚህ ሣር ብለህ ነው አሸዋዬን የበተንከው?»

«ለሣሩ ብዬ አይደለም። ጠይቀኸኝ ሳልጨርስ ነው የደፋኸው።»

«እምቢ አላልከኝም እኮ!»

«እውነትህን ነው፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። አሁን ልንገርህ፣ አድምጠኝ።» ሽማግሌው ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት፤ ቆመው ለመናገር ወገባቸው አልቻለም። «ልጅህ ሲወለድ በሬ ክፍት ነው። በመጣ ቀን ይገባል፣ እናቱም ትገባለች፣ አንተም ትገባለህ፤ ትበላላችሁ፣ ትጠጣላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። እዚህ ግቢ ቤት አትሠራም። እዚህ ቤት ነበረህ፤ የወጣኸው በራስህ እግር ነው፤ ማንም አላስወጣህም። የቀረችውን ደግሞ እኔ አላስወጣም።»

«ከሥጋህ እሷን አስበለጥክ!»

«አላስበለጥኩም። ሰዓት ሳልጠይቃት መድኃኒቴን የምታስታውሰኝ እሷ ናት። አንተን ስንቴ ነው የደወልከው ብዬ ልጠይቅህ?»

ሰውየው እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ በጫማው ጫፍ ሲጭር ቆየ፤ ከዚያ በተነሣው አጥር በኩል ወጥቶ ሄደ። አሸዋውን የሚወስድ አልተላከም። ጎረቤቱ ለግንብ ማደሻ እያለ፣ ሌላው ለልጆች መጫወቻ እያለ በባልዲ ሲያመላልስ አለቀ።

ያ ዓመት ሽማግሌውን ከበዳቸው። ያሉትን ብለዋል፤ አልተጸጸቱም፤ ግን ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ያዩና ይመልሱታል። ሕፃኗ መወለዷን የሰሙት ከሌላ ዘመድ ነው፤ ሴት ናት ተባሉ። «እሰይ» አሉና ወጥተው የጓሮውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀቡት፤ በሩ ግን ድሮም አይጮህም ነበር። ምግብ ቀነሱ። እሷ ሁሉንም ታያለች። አማቷን ማባበል አታውቅበትም፤ እሳቸውም መባበል አይወዱም። ስለዚህ አንድ ቀን የምሳ ሰዓቷ ላይ፣ ጀሶው እስኪደርቅ ድረስ፣ የተወችውን ቁጥር ደወለች።

«ምን ሆነ? አባዬ ታመመ?»

«ደህና ናቸው። ደውልላቸው።»

«አንቺ ምን አገባሽ?»

«ምንም አያገባኝም። ስልኩን እያወጡ ያዩታል። ደውልላቸው።»

ዘጋችው። ጀሶውን አንኳኩታ አየችው፤ ደርቋል።

ደወለ። ለሽማግሌው እሷ መደወሏን አልነገረቻቸውም፤ ልጁ ነግሯቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አታውቅም። ብቻ ያን ቀን እራት ላይ ሁለት ጊዜ ጨመሩ።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ቡቃያው ከአፈሩ ሲወጣ የአውራ ጣት ውፍረት ነበረው፤ ጫፉ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ እንደ ተጠቀለለ ብሩሽ የሾለ። ስንዝር ሲሞላ ከአፈሩ ወለል በታች በቢላዋ ይቆረጣል። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ራሳቸው ሊቆርጡ ተንበረከኩ፤ መነሣት አቃታቸውና ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው። ያንኑ ቀን ልጁ ሕፃኗን ይዞ እንደሚመጣ ነግሯቸው ስለነበር የክት ሸሚዛቸውን ከለበሱ ቆይተዋል።

መኪናው በር ላይ ቆመ። አባትየው ሕፃኗን አቅፎ ገባ። ሽማግሌው ተቀበሏት፤ በሁለት እጃቸው ዳርና ዳሯን ይዘው ከደረታቸው አርቀው፣ ትልቅ መስታወት እንደሚሸከም ሰው አቆሟት። ሕፃኗ አየቻቸው፤ አላለቀሰችም።

«አባዬ፣ ወደ ራስህ አስጠጋት እንጂ! አትሰበርም!»

እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። መኪናው ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች፤ የፀሐይ መከላከያውን አውርዳ ፊቷን ሸፍናለች። ለምን እንዳልገባች ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልግም። ሁለቱ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ማንም አያውቅም፤ ጣውንት እንዳይባሉ ፍቺው አልቋል፤ እህትማማች እንዳይባሉ ያስቃል። እጇን በፎጣ ጠርጋ ወጣችና የመኪናውን መስታወት አንኳኳች።

«ውረጂ። እዚያ ውስጥ ትጠበሻለሽ።»

«እዚህ ይሻለኛል፣ እትዬ።»

«ልጅቱ ሲርባት ማን ሊያጠባት ነው? ሽማግሌው?»

ወጣቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደነገጠች። ወረደች። ኩሽና ውስጥ ወንበር ሰጠቻት፤ ቡቃያዎቹን አጥባ፣ የደነደነውን የታች ጫፋቸውን ቆርጣ ቅቤ በጋለ መጥበሻ ላይ ደረደረቻቸው። ወጣቷም ብድግ ብላ ሳህን ታወርድ ጀመር፤ የሳህኑን ቁም ሣጥን በመጀመሪያ ሙከራ አገኘችው። ሕፃኗ ሌሊት እንደማትተኛ፣ ሰውየው በመንገድ ሲከርም ብቻዋን እንደምትሆን ተናገረች። «አውቀዋለሁ» አለች እሷ። ክፋት አልነበረበትም፤ የምታውቀውን ነው ያለችው።

በሉ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩና «ሆቴሉ ውስጥ ከዚህ ይጣፍጥ ነበር» አሉ፤ ቀጥለው የሁሉንም ትራፊ በሉ። እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰችው። አተር አተር፣ ትንሽ ደግሞ ለውዝ ለውዝ ይላል። ጥሩ ነው። ሦስት ዓመት የሚያስጠብቅ መሆኑን እንጃ፤ ጥሩ ግን ነው።

በኋላ ሕፃኗ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝታ፣ ሽማግሌው አጠገቧ ትንፋሿን እየጠበቁ ሳሉ፣ ባሏ የነበረው ሰው ወደ ጓሮ ወጥቶ መጣባት። እሷ ቢላዋውን እያጠበች ነበር። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መደቡን አየ።

«ስለ ስልኩ...» አለ። «ያኔ ስለደወልሽ ማለቴ ነው።»

«እሺ።»

ሌላም ሊል አፉን ከፈተ። ከምንም ነገር በፊት አፉን ነው ያየችው፤ የላይኛው መንጋጋ በቀኝ በኩል አንድ ጥርስ ጎድሎታል፣ ድሮ ነበረ። የሚለውን ለመስማት ትንሽ ጠበቀችው። አልመጣለትም።

«መኪናህን ከበሩ ላይ አንሣው» አለችው፤ «ቆሻሻ የሚወስዱት ሰዎች ሊመጡ ነው።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሊያነሣው ሄደ።